በእኔ ስም የወጣው ውጤት

ባለፈው ሰኞ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ተቆጣችኝ። በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ ክፉም አይደለች፤ ምሳዋን ከእኔ ጋር ቆርሳ ትበላለች። ያን ዕለት ግን በሩን ዘጋችና፣

«እትዬ ትርንጎ፣ ሰው እያባረሩብኝ ነው» አለች። «የእርስዎ ሥራ ወለል መወልወልና ዕቃ ማጠብ ነው። ሽንት ይዞ የመጣውን ሁሉ ‹የማን ነው?› ብለው የሚጠይቁት ምን ቤት ነዎት?»

መወልወያዬን ይዤ ወጣሁ። ነገሩ እውነት ነው። ሰቆጣ ከተማ ዳር ካለችው ከዚች ጤና ጣቢያ በጽዳት ከተቀጠርሁ ጀምሮ፣ ከላቦራቶሪው በር ለሚቆም ሰው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ይህንኑ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ሽንቱ የራስዎ ነው?» አብዛኛው ሰው ይስቃል። አንድ የጽጽቃ ሽማግሌ፣ «የለም፣ የበሬዬን ነው ያመጣሁት፤ ማረስ እንቢ ብሎኝ» ብለው በረንዳውን ሙሉ አስቀውብኛል። የሚሰድበኝም አለ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ አፋር ነኝ። ከዚህች ጥያቄ በቀር ለማላውቀው ሰው ቀድሜ ቃል አውጥቼ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት የመጣችው ልጅ ግን አልሳቀችም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከነጠላዋ ሥር የያዘችውን ነገር በክንዷ ደግፋ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ጠየቅኋት። «የኔ ነው» አለች፤ ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው። ደግሜ ጠየቅኋት። ያኔ ዞር አለችና አንድ ቃል ሳትናገር ቁልቁለቱን ወረደች። ባለሙያዋ ይህን በመስኮት አይታ ነው የተቆጣችኝ።

ለእሷ ያልመለስሁላትን እዚህ እጽፈዋለሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

ወንድሜ ሲሳይ ይባል ነበር። ዲያቆን ሲሳይ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቄስ ነበር፤ እሱ ሲሞት የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ ብቻ ቀራት። እሳቸውም ሲሳይን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸውም ያለቀ። ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይሆንም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። ለንግሥ በዓል ከሌላ ደብር ቄስ በልመና ይመጣልናል። በሌላው እሑድ ሰዉ የተዘጋ በር ተሳልሞ ይመለሳል። ለዚህ ነው መንደሩ በሙሉ ሲሳይን ይጠብቅ የነበረው። በጥር ያገባል፤ በቁርባን፤ ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ቀርቦ ይቀስሳል። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ከአሁኑ «አባ ሲሳይ» ይሉታል፤ እሱም እስከ ጆሮው ይቀላል። እኛ ቤት ሁላችንም እናፍራለን። እናታችን እንኳ ከጎረቤት ወንፊት ለመዋስ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ደጅ ላይ ተመላልሳ ነው የምትገባው። መጠየቅ ከቤታችን አልነበረም።

ጊዜው ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ወሩ ሐምሌ መጀመሪያ፤ በለሱ መቅላት የጀመረበት። እኔና ሲሳይ ከቤታችን በታች ካለው ገደል አፋፍ በለስ ልንለቅም ወረድን። እሱ ጫፉ በተሰነጠቀ ረጅም ዘንግ እየጠመዘዘ ያወርዳል፤ እኔ በሣር እያሸሁ እሾሁን አራግፋለሁ። አንዲት ትንሽ የእርከን ካብ ዘሎ ሲወርድ ፊቱ ጭምድድ አለ። ዘንጉን ተደግፎ ቆመ።

«ምን ሆነሃል?» አልሁት።

«ምንም።»

ቆይቶ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ተናገረ። «አንድ እብጠት አለብኝ። ከፋሲካ ወዲህ። ይከብደኛል እንጂ አያምም። አሁን አሁን ታችኛው ሆዴንና ወገቤን ይለኛል።»

«እብጠቱ የት ላይ ነው?»

ጆሮው ቀላ። ያኔ ገባኝ። እብጠቱ ከዘር ፍሬው ላይ ነበር። ስሙን እሱም አልጠራው፣ እኔም አልጠራሁት፤ እስኪሞት ድረስ በመካከላችን ሳይጠራ ቀረ።

«ሐኪም ይየው» አልሁ።

«ሐኪም ካየው ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ስልብ ነው። ስልብ መቅደስ ይገባል? አካሉ የጎደለ አይቀስስም፤ ታውቂ የለ?»

«እስቲ የኔታን ጠይቃቸው።»

«ምን ብዬ?» አለ።

እኔም ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አላወቅሁም። አንድ በለስ ልጦ ሰጠኝ፤ ጣፋጭ ነበር፤ ጣዕሙን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህም በለስ በአፌ አልዞረም።

ያሰበውን ነገረኝ። «ሽንት የሰውን ውስጥ ይናገራል ይላሉ። ሽንቴን ብቻ ይዩልኝ። አንቺ ውሰጅልኝ። ደዌ ከሆነ ክኒን ይሰጡሻል። የኔ መሆኑን ግን ማንም እንዳያውቅ። ላንቺ የነገርሁሽ አፍሽ የታሰረ ስለሆነ ነው።» በሚካኤል አስማለኝ። ማልሁ።

በገበያ ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ከሰቆጣ እስከ እኛ መንደር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የሳል ሽሮፕ የነበረባትን ትንሽ ጠርሙስ በፈላ ውኃ አጥቤ ሰጥቼው ነበር፤ እሱ ሞልቶ በጨርቅ ወትፎ አመጣልኝ። እንቁላል ልሸጥ የምሄድ መሰልሁ። በቅርጫት ጭድ አድርጌ፣ ከጭዱ መካከል ዐሥራ ሁለት እንቁላል፣ ከእንቁላሉ መካከል ጠርሙሷን ደበቅሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል። ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ፊቴን ያረጥበኛል። ወንዙ ጋ ስደርስ ከአበርገሌ ፍየል እየነዱ ያደሩ ሁለት ነጋዴዎች ደረሱብኝ።

«እንቁላሉ እንዴት ነው እህት ዓለም?» አለኝ አንደኛው።

ወደ ቅርጫቱ እጁን ሲሰድድ ደነገጥሁና፣ «አይሸጥም!» አልሁት።

«ታዲያ ከተማ ወስደሽ ልታስፈለፍይው ነው?» ብሎ ሳቀ። ጓደኛውም ሳቀ። ቅርጫቱን ታቅፌ ወንዙን ተሻገርሁ።

ክሊኒኩ አሁን የለም፤ ከፈረሰ ቆይቷል። ያኔ ከገበያው በላይ ሁለት ክፍል ነበር። የምታክመው ሲስተር ከሩቅ አገር የመጣች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጥኛን ስለማትሰማ ሰዉ አስተርጓሚ ይዞ ይቀርባል። እኔ አማርኛ ተምሬያለሁ፤ ግን ያን ቀን አማርኛውም ኽምጥኛውም ጠፋኝ። ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁት መካከል የመንደራችን ሴት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ዓይኑን ያመመውን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሳያቸው ቅርጫቱን በነጠላዬ ሸፈንሁት።

ወረፋዬ ደረሰና ገባሁ። በመንገድ ሙሉ ያጠናሁት ቃል፣ «ሽንቱ የአንድ የታመመ ዘመዴ ነው» የሚል ነበር።

«ማን ነው የታመመው?» አለች ሲስተር፣ ቀና ሳትል።

መስኮቱ ክፍት ነው። የእትዬ ዘነቡ የራስ ሻሽ ከመስኮቱ ሥር ይታየኛል። ዘመዴ ካልሁ የትኛው ዘመድ ትለኛለች፤ እቤታችን ደግሞ ያለው ወንድ አንድ ነው።

«እኔ» አልሁ።

«ምንሽን?»

«ታች… ሆዴን። ወገቤንም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከፋሲካ።»

«የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር።

«ባል አለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለኝም። እጮኛ ግን ነበረኝ፤ በሚመጣው ዓመት ልዳር የታጨሁ ነበርሁ። ሲስተር ወረቀት ጻፈችና የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝ። ከጓሮው መጸዳጃ ገብቼ ጠርሙሷን ከጭዱ አወጣሁና ገለበጥሁ። ኩባያው ላይ የእኔ ስም ተለጠፈ። ትርንጎ ተብሎ።

ብዙ አላስቆዩኝም። ሲስተር በሩን ዘጋችው፤ ሰው እንዳይሰማ አስባልኝ ነው፤ መስኮቱን ግን ረሳችው። ከፊቷ አንዲት ጠባብ ነጭ ወረቀት ነበረች፤ ከጣት የማትሰፋ።

«የኔ እህት፣ አትደንግጪ» አለች። «እርጉዝ ነሽ።»

«አይደለሁም።»

«ይኸው፤ አንድ መስመር ብቻ ቢሆን የለም ማለት ነበር። ሁለት ነው።»

ሁለት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ነበሩ። አንዱ ደመቅ፣ ሁለተኛው ፈዘዝ ያለ።

«ወረቀቷ ተሳስታ ነው፣ ሲስተር።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላሉ። ይቺ ወረቀት ይሉኝታ የላትም፤ ያየችውን ነው የምትናገር። በይ፣ በየወሩ እየመጣሽ ታዪ።»

ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። «የወንድ ሽንት ነው» ማለት ብቻ። ሲስተር ምን ታውቅ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት እሷም ትስቅ ነበር፤ ምናልባት ግን አንድ ሐኪም ትጠይቅ ነበር። በሚካኤል ምያለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው። አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት፤ ቅርጫቴን አንሥቼ ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ የልጁን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እንዲያ ሲሆኑ ሁሉንም እንደሰሙ አወቅሁ።

እንቁላሉን ሳልሸጥ ተመለስሁ። ወንዙን ከተሻገርሁ በኋላ ብቻዬን ስሄድ፣ እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ ሳቅ ያዘኝ። ወንድሜ አረገዘ! ዲያቆኑ አረገዘ! ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪያልበኝ ሳቅሁ። ወንድን እርጉዝ የምትል ወረቀት ምኗ ይታመናል? ከሳቁ በኋላ ደግሞ ቀለል አለኝ። የሐኪም ዕቃ ውሸታም ነው፣ የሲሳይ እብጠትም እንዲሁ የሚጠፋ ነገር ይሆናል አልሁ።

ሲሳይ ከአጥሩ በር ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እህስ?»

ለዲያቆን እንዴት ተብሎ «አርግዘሃል» ይባላል? «ምንም የለም አሉ» አልሁት።

«ምንም?»

«ምንም።»

ፊቱ ሲበራ አየሁት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበና ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ያልተሸጠውን እንቁላል እናታችን ጠብሳ በላን፤ ሲሳይም ከወትሮው አብልጦ በላ።

ወሬው መንደራችን ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ማንም ፊት ለፊት አልነገረኝም። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ነገራቸውን ያቋርጣሉ፤ ዓይናቸው ከሆዴ ላይ ያርፋል። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መቀነቴን ስታጠብቅልኝ ግን እጇ ከሆዴ ላይ ትንሽ ይቆያል። በነሐሴ የእጮኛዬ አባት ሁለት ሽማግሌ ልከው ነገሩ ቀርቷል አሉ። ሆዴ ሳይገፋ ሲቀር ደግሞ «አስወርዳው ነው» ተባለ።

ሲሳይም ሰማ። ለፍልሰታ ጾም ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ያድር ነበርና አንድ ቀን ሽንብራ ቆሎ ይዤለት ስሄድ አስቆመኝ። ዓይን ዓይኔን ላለማየት ቆሎውን ይቆጥራል።

«ያን ቀን» አለ፣ «የራስሽም ጉዳይ ነበረሽ?»

ዝም አልሁ።

«አልፈርድብሽም። እኔን ሰበብ አድርገሽ መሄድሽ ግን… ለማንኛውም ንስሐ ግቢ፣ ትርንጎ። እኔም እጸልይልሻለሁ።»

እውነቱን የደበቅሁበት ሁለተኛው ጊዜ ይህ ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከክሊኒኩ ቀን ይልቅ ይህኛው ይከፋኛል። እዚያ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። እዚህ ከአጸዱ ዋርካ ሥር ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ምርመራው ያንተ ነበር፤ አንተን ነው እርጉዝ ያሉት» ብዬ ብነግረው ስሜ ይጸዳ ነበር፤ እሱም ነገሩ እንግዳ ሆኖበት ይጠይቅ ነበር። አልነገርሁትም። እንዲያ ብነግረው እንደ ስድብ የሚቆጥርብኝ መሰለኝ። ውሸታም የሚለኝም መሰለኝ። «እሺ» አልሁና ተመለስሁ፤ ባልሠራሁት ኃጢአትም ንስሐ ገባሁ።

ጥር መጣ፤ ሲሳይ አገባ፤ ተክሊል ደፋ። በሠርጉ ቀን ካባውን ሳለብሰው ደረቱ ላይ እጄ ሲነካው «ኧኽ» ብሎ ወደኋላ አለ። ከሸሚዙ በላይ ጡቱ እንደ ልጃገረድ ጡት አጎንቁሎ ይታያል። ሁለታችንም ደነገጥን። ጋቢውን አንሥቶ ተከናነበና «ውፍረት ነው» አለ። ፊቱ ግን ከስቶ ነበር። ያኔ ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝ፤ እንደ መርፌ ወጋ አድርጋኝ አለፈች። ዳንኪራው ተጀመረ፤ ተውሁት።

በየካቲት ቀሰሰ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ መንደራችን ያለ ልመና የራሷን ቅዳሴ ሰማች። የኔታ ከመቅደስ ሲወጡ ያለቅሱ ነበር። የሲሳይ ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ሰዉ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጠው ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ በእናቴ ፊት ላይ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ በኋላም አላየሁም። እንግዲህ ልክ ነበርሁ አልሁ በልቤ። ዝም ማለቴ ይህን አመጣ።

አምስት እሑድ ቀደሰ። በጾሙ እኩሌታ ማሳል ጀመረ። የፋሲካ ለት ሌሊት መስቀሉን ይዞ ሲወጣ ግድግዳ ተደገፈ፤ ነጠላው ላይ ደም ነበር።

በግንቦት መቀሌ ወዳለ ሆስፒታል ይዤው ሄድሁ። ሚስቱ ከእናቴ ጋር ቀረች፤ እናቴ «አንቺ ትናገሪያለሽ፣ አማርኛ ታውቂያለሽ» ስላለች። እስከ ኮረም በአይሱዙ ላይ፣ ከእህል ጆንያ ጋር ተሳፈርን፤ በሳለ ቁጥር አቧራው ያንቀዋል። ከዚያ በአውቶቡስ። የአላጄን ተራራ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ራሱን ትከሻዬ ላይ አስደግፏል፤ አንድ ሕፃን ያህል እንኳ አይከብድም። ቄስ መሆኑን ያዩ ተሳፋሪዎች ከየወንበራቸው እየተነሡ መስቀል ሊሳለሙ ይመጣሉ። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ መስቀሉን በሁለት እጁ ያነሣል። ሲያቅተው ክንዱን ከሥር ደገፍሁለት። ሰው ሁሉ ተሳለመ።

ሐኪሙ ትግርኛ የሚቀላቅል፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ደም ወስደው ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«ምኑ ነሽ?»

«እህቱ።»

«እንግዲህ ስሚኝ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። በሽታው ከቆለጡ ነው የተነሣው። ካንሰር ነው። አሁን ሳንባው ገብቷል።»

ያንን ቃል በግልጥ ሲጠራው ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። በዚያ ሰዓት እንኳ አፈርሁ።

ሐኪሙ ያልገባኝ መስሎት ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «ደሙ ውስጥ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የሚገኝ ነገር በብዛት አግኝተናል። ዕጢው ራሱ ነው የሚሠራው። አንቲቦዲ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ፣ ሌላውን የማይነካ። ጥጃ ከመቶ ላም መካከል የራሱን እናት ለይቶ ሄዶ እንደሚጠባ ነው። በሱ ነው ያገኘነው። የሴቶች እርግዝና የምናይባት ወረቀት ላይ ያለውም ይኸው ነው። ሁልጊዜ አይሆንም፤ ግን መጀመሪያ ላይ ማንም አስቦ የወንድምሽን ሽንት በዚያች ወረቀት አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ሁለት መስመር ታወጣ ነበር። ማን ያስባል?»

ግድግዳው ቢጫ ቀለም ነበረው፤ ከታች የተላጠ። የተላጠውን ቦታ እስከ ዛሬ መሣል እችላለሁ።

«ያኔ ቢመጣስ?» አልሁ።

«ያኔ ቢመጣ አንዱን እናወጣለን፤ በሌላው ይኖራል። ይህ በሽታ ቶሎ ከተደረሰበት ከሚድኑት ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አታልቅሺ። በእናንተ አይፈረድም፤ አላወቃችሁም።»

ወደ ክፍሉ ስገባ ሲሳይ ነቅቶ ነበር። ጣሪያውን እያየ፣ «ምን አለሽ?» አለ።

«እግዚአብሔር ያውቃል አለ።»

እጄን ያዘና፣ «ትርንጎ፣ ያን ጊዜ፣ በሐምሌ፣ ሽንቴን ያዩት ሰዎች ምንም የለም ብለው ነበር አይደል?» አለኝ።

ዓይኑ ላይ የነበረውን ነገር ለመጻፍ ቃል የለኝም። እንዲህ ሲል ነበር የሚጠይቀኝ፦ ፈርቼ አይደለም፤ በጊዜው ጠይቄያለሁ፤ በእጄ አልሞትሁም፤ በይልኝ።

«አዎ» አልሁት። «ምንም አልነበረም።»

«እንግዲያ የሱ ፈቃድ ነው» አለና እጄን ለቀቀ። ሦስተኛው ጊዜ ይህ ነው። ስለ ሁለቱ ራሴን እወቅሳለሁ። ስለዚህ ሦስተኛው ግን ልውቀስ አልውቀስ ሃያ ዓመት አስቤ አልቆረጥሁም።

ቤቱ አምጥተነው በሐምሌ ሞተ፤ በለሱ መቅላት ሲጀምር። እንደ ካህን ተገንዞ፣ ከአባታችን ጎን ተቀበረ። ሚስቱ ልጅ ሳትወልድ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያኗም ዳግመኛ አንድ ቄስ ቀራት።

በሣልስቱ ሰው ሲበተን የኔታን ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ ጠየቅሁ።

«የኔታ፣ ሰው ታሞ… ሐኪም የወንድነት አካሉን ቢቆርጥበት፣ መቅሰስ ይከለከላል?»

የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «በገዛ እጁ የቆረጠ ይከለከላል። በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠው ግን አይከለከልም፤ ፍትሐ ነገሥት ላይ ያለ ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ቀስ በቀስ ገባቸው። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነበርሁ» አሉ። «እዚሁ፣ ከደጁ። ምነው ጠይቆኝ ቢሆን! ምነው ልጄ!»

መቋሚያውን አንሥቼ ሰጠኋቸው። ስለ ወረቀቷ ግን ለእሳቸውም አልነገርኋቸውም። ለእናቴም አልነገርኋት፤ እስክትሞት ሆዴን ስታይ የኖረችው ወልጄ ያልሳምሁትን ልጅ እያሰበች ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰቆጣ ወጣሁና ይህን ሥራ ያዝሁ። ኩባያ አጥባለሁ። እነዚያን ወረቀቶች ከቆሻሻው ጋር እደፋለሁ፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ከመድፋቴ በፊት አያቸዋለሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጅቱ አልተመለሰችም። ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን ሳገላብጠው ባለሙያዋ ሳይገባት እውነት ተናግራለች። እንደ እኔ ምላ ለመጣች ልጅ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያው የሲስተር ጥያቄ ነው፤ እኔም ለዚያ ጥያቄ የመለስሁት ውሸት ነበር። ስንቶቹ ከደጄ «የራሴ ነው» ብለው ገብተው ይሆን? ብትመለስ አልጠይቃትም። እኔም አንድ ቀን በእንቁላል መካከል ደብቄ የወንድሜን ይዤ መጥቼ ነበር ብዬ፣ ፊቴን ሳልሸፍን እነግራታለሁ።

ጠዋት ጠዋት በረንዳውን ስወለውል ቁልቁለቱን አያለሁ። ገበያተኛ ይወጣል፤ ፍየል ይወጣል፤ የታመመ ይዘው በቃሬዛ ይወጣሉ። ነጠላዋን በክንዷ እንደዚያ ደግፋ የያዘች ግን እስካሁን አላየሁም።